ከቤት ይዘሽው የምትሄጂው ልማድ

(ለረጅም ዘመን የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆነው የሠሩ ሰው፣ እናቷን ለሕክምና ባንኮክ አድርሳ እግረ መንገዷን ደልሂ ዕቃ ልታይ ከተነሣች ነጋዴ ጋር ያደረጉት ጭውውት።)

ነጋዴዋ፦ ጋሼ፣ ቲኬቱ ተቆርጧል። ግን ሰው ሁሉ እየመጣ አንዳንድ ነገር ሲነግረኝ ፍርሃት ገባኝ። አንዱ እባብ አለ ይለኛል፣ ሌላው ጊንጥ ጠብሰው ያበሉሻል ይላል። እርስዎ ምን ይሉኛል?

ሐኪሙ፦ ጊንጡን ካልፈለግሽ አትበዪውም። እባቡን ደግሞ ባንኮክ መሃል ካየሽው የምታዪው አጥር ውስጥ ሆኖ ነው። ራማ አራተኛ የሚባለው መንገድ ላይ የታይ ቀይ መስቀል የሚያስተዳድረው ንግሥት ሳዎፋ የተባለ ተቋም አለ፤ እባብ የሚያረቡት ለመርዙ መድኃኒት ሊሠሩበት ነው። የዚህን ቦታ ስም ያዥልኝ፣ እመለስበታለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከዚህ ሄደው ታመው የተመለሱ ሰዎችን ሳይ፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳት ያመጣባቸው እዚህ የለመዱት ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ። እዚህ የጠቀማቸው ልማድ እዚያ ይጥላቸዋል።

ነጋዴዋ፦ እንዴት ያለ ልማድ?

ሐኪሙ፦ አንቺ ያደግሽው መተሐራ ነው። ስለ ቢምቢ ምን አስተማሩሽ?

ነጋዴዋ፦ ጀምበር ስትጠልቅ በር መዝጋት፣ ማታ አጎበር ውስጥ መግባት። ሌላ ምን አለ?

ሐኪሙ፦ ለወባ ልክ ነው። ወባን የምታስተላልፈው አኖፊለስ የምትነክሰው ሌሊት ነው። ባንኮክ ከተማ ውስጥ ግን ወባ የለም ማለት ይቻላል፤ እዚያ የሚጠብቅሽ የደንጊ ትኩሳት ነው። ደንጊን የምታስተላልፈው ኤዲስ የምትባለው ቢምቢ ሥራዋ ቀን ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሰዓታትና ሊመሽ ሲል ትበረታለች። ልብ ብለሽ ካየሻት ጥቁር ናት፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት። ረግረግ አትፈልግም። የአበባ ማሰሮ የተቀመጠበት ሳህን፣ የተጣለ ጎማ፣ ክዳን የሌለው ባልዲ ይበቃታል። ስለዚህ ደህና ሆቴል ስለያዝሽ አትሸሽሽም፤ ቁርስ ስትበሉ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ቁርጭምጭሚታችሁን ትነክሳለች። አጎበሩን ማታ ስትዘረጊ እሷ የቀን ሥራዋን ጨርሳለች።

ነጋዴዋ፦ ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ላድርግ? ገበያ እኮ ነው የምውለው።

ሐኪሙ፦ ረጅም እጅጌ፣ ሳሳ ያለ ረጅም ሱሪ፣ ከዚያ ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት የሚቀባ መከላከያ። የፀሐይ ክሬም የምትቀቢ ከሆነ ክሬሙ ይቅደም፣ መከላከያው ከላይ ይሁን። ስታልቢ ስለሚታጠብ ድገሚው። ለእናትሽም አንቺው ቀቢያቸው፤ ጎንበስ ብለው ቁርጭምጭሚታቸውን መድረስ ይቸገራሉ። ደንጊ እንግዳ በሽታ እንዳይመስልሽ ደግሞ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋን ያመሳት እሱ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ወባ መስሎት ነበር።

ነጋዴዋ፦ እኔ እንኳ ትኩሳት ከያዘኝ ብዬ አድቪል ይዣለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ የላከችልኝ ትልቁ ጠርሙስ አለ።

ሐኪሙ፦ ሁለተኛው ልማድ ይሄውልሽ። አድቪልሽን ለወገብሽ አስቀምጪው፤ እዚያ ትኩሳት ከያዘሽ ግን እንዳትነኪው። አድቪል ማለት ኢቡፕሮፌን ነው። እሱም፣ አስፕሪንም፣ እኛ አገር በየክሊኒኩ የምንወጋው ዲክሎፌናክም ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ ደንጊ ደግሞ ራሱ የመድማት በሽታ ሊሆን ይችላል። በደንጊ አገር ለትኩሳት የሚዋጠው ፓራሲታሞል ብቻ ነው፣ እሱም በልኩ። እናትሽ ለልባቸው ትንሿን አስፕሪን ይወስዱ የለ? ትኩሳት ቢይዛቸው ለሚያያቸው ሐኪም መጀመሪያ የምትነግሪው ይህንን ነው።

ነጋዴዋ፦ ትኩሳቱ ከበረደ ግን ድኛለሁ ማለት ነው?

ሐኪሙ፦ እዚህ ላይ ነው ደንጊ ሰውን የሚያታልለው። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን መካከል ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ቤተሰብ እፎይ ይላል። ከበድ በሚለው ሕመም ግን ከደም ሥር ፈሳሽ መፍሰስ የሚጀምረው ልክ ያኔ ነው። ሆድ በኃይል ሲያም፣ ማስመለስ አልቆም ሲል፣ ድድ ወይም አፍንጫ ሲደማ፣ ሰውዬው ሲቁነጠነጥ ወይም ፍዝዝ ሲል ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው፤ በአንዱ ታሞ የዳነ ሰው በኋላ ሌላው ሲይዘው ሊጠናበት ይችላል። አንዴ ይዞኝ ዳንኩ፣ ሰውነቴ ለምዶታል የሚል ነጋዴ ስሰማ የምደነግጠው ለዚህ ነው።

ነጋዴዋ፦ ታዲያ ወባውን ልርሳው?

ሐኪሙ፦ በፍጹም! አንቺ ከመተሐራ ከተመለስሽ ገና ሳምንትሽ ነው። ወባ ተሸክመሽ ሄደሽ እዚያ ሊነሣብሽ ይችላል። የባንኮክ ሐኪም እዚያው የያዘሽ መስሎት ደንጊ ሲፈልግ ቀኑ ያልቃል፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ራስ ላይ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ገና ስትቀመጪ «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፣ ወባ ያለበት ቦታ ነበርኩ፣ የደም ምርመራ ይደረግልኝ» በዪ። ስትመለሺም እንዲሁ። ከወር ከሁለት ወር በኋላ እንኳ ትኩሳት ቢይዝሽ እዚህ ላለው ሐኪም የት የት እንደነበርሽ ሳይጠይቅሽ ንገሪው። የሽንት ዕቃና የሰገራ ዕቃ ይዞ ላብራቶሪ በር ላይ የሚንከራተት ስንት ሰው አለ፣ የነበረበትን አገር ስም ቢናገር ኖሮ በአንድ ጠብታ ደም የሚለይለት!

ነጋዴዋ፦ እሺ፣ ምግቡስ? እኔ ሰው እንደነገረኝ የመንገድ ላይ ምግብ አልነካም፣ ሆቴል ነው የምበላው ብዬ ወስኛለሁ።

ሐኪሙ፦ እኔ የመንገዱን እመርጥልሻለሁ።

ነጋዴዋ፦ ጋሼ!

ሐኪሙ፦ ስሚኝ። ባንኮክ ጥግ ላይ የቆመችውን ሴትዮ እዪአት። ድስቷ እንደ ጎድጓዳ ምጣድ ነው፤ እሳቱ ከሥር ያጓራል። ነጭ ሽንኩርቱንና ሚጥሚጣ የሚያስንቀውን በርበሬ ጣል ስታደርግ ጢሱ ያስነጥስሻል፤ ሥጋው ይገባል፣ በመጨረሻ አንድ እፍኝ በሶብላ ቅጠል። ደቂቃ አይፈጅም፣ እየፈላ ሳህንሽ ላይ ይወድቃል። ያንን ሙቀት የሚቋቋም ጀርም ጥቂት ነው። ሰልፍ ያለበትን ምረጪ፤ ብዙ ሰው የሚበላበት ቦታ ዕቃው አያድርም። በሆቴሉ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ለብ ብሎ የተቀመጠ ሩዝ፣ በቧንቧ ውኃ የታጠበ ሰላጣ፣ ሃያ ሰው በአንድ ጭልፋ የሚያማስለው ወጥ ታገኛለሽ። የሚያሳምመው ለብ ያለውና ያደረው ነው። ፍራፍሬውን ራስሽ ላጪው፣ ውኃውን የታሸገውን ጠጪ፣ ጥርስሽንም ደልሂ ላይ በታሸገው ቦርሺ። ሻይ የሚፈላ ስለሆነ አትፍሪው።

ነጋዴዋ፦ እዚያ ጥሬ ሥጋ አለ አሉኝ። እውነት ነው? እኔ ቁርጥ ወዳጅ ነኝ።

ሐኪሙ፦ ሦስተኛው ልማድ! አለ። የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ሰዎች፣ ኢሳን የሚባለው አገር፣ ጥሬ የበሬ ሥጋ በቅመም ይበላሉ፤ ባንኮክም ውስጥ የኢሳን ምግብ ቤት ሞልቷል። አንቺ ክትፎ መስሎሽ ደስ ብሎሽ ትቀመጫለሽ። ከሥጋው ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን አብሮ የሚቀርበው ጥሬ የወንዝ ዓሣ ነው፤ ኮይ ፕላ ይሉታል። ተከትፎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ በቅመም ታሽቶ ይቀርባል። ሎሚው ያበሰለው ይመስልሻል፣ አላበሰለውም። በዓሣው ውስጥ ያለው ትል ሰው ጉበት ውስጥ ገብቶ የሐሞት ቱቦ ላይ ይሰፍራል፤ ዓመታት ቆይቶ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የሐሞት ቱቦ ካንሰር በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ያ አገር ነው። እኛ ጥሬ ሥጋ በልተን ኮሶ ቢይዘን መድኃኒቱን ውጠን እንገላገላለን ብለን ለምደናል። ይሄኛው እንደዚያ የሚቀለድበት አይደለም። የተጠበሰ ዓሣ ብዪ።

ነጋዴዋ፦ የምሄደው ደግሞ በጾም ነው። እማዬ ዓሣም አትነካ።

ሐኪሙ፦ እንግዲያው ይህን ያዢልኝ፣ ለሰው ሁሉ የምነግረው ነው። ታይላንድ አትክልት ብቻ ስትዪያቸው ያመጡልሻል፣ ግን ውስጡ የዓሣ መረቅ አለበት፤ እንደ ጨው ነው የሚጨምሩት። አንዳንዴም የተፈጨ ሽሪምፕ አለበት። ስለዚህ «ጄ» በያቸው። ጄ ማለት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣም የሌለበት ነው፤ ከቡድሂስቶቹ ጾም ጋር የተያያዘ ነው። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት የሰቀለ ምግብ ቤት ካየሽ ግቢ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም አይገባበትም፤ ጣዕሙ ቀለል ቢልሽ አትገረሚ። ሕንድ ላይ ደግሞ የታሸገ ምግብ ሁሉ ላይ አረንጓዴ ነጥብ በአረንጓዴ ካሬ ውስጥ ካለ ሥጋ የለበትም ማለት ነው። ግን ወተትና ቅቤ ስለሚፈቅድ ለእኛ ጾም አይበቃም፤ መጠየቅ አለብሽ። ይህ የጤና ነገር አይደለም እንዳትዪኝ። እናትሽ እርግጠኛ ሳይሆኑ ቀርተው ሳይበሉ ቢውሉና ኢንሱሊን ቢወጉ ስኳራቸው ወርዶ ይወድቃሉ።

ነጋዴዋ፦ ይህን አላሰብኩትም። ተቅማጥ ቢይዘንስ? ሲፕሮ ገዝቻለሁ።

ሐኪሙ፦ ልጄ፣ ይህ ሲፕሮ አገራችንን እንደ ከረሜላ ገባባት! በታይላንድ የተጓዥን ሆድ ከሚያውኩት ባክቴሪያዎች ዋና የሆነው ካምፒሎባክተር ሲፕሮን ከለመደው ቆይቷል። ውጠሽው ሆድሽ ያለው ደህና ባክቴሪያ ያልቅና በሽታው ይቀራል። አብዛኛው የተጓዥ ተቅማጥ በጥቂት ቀን ራሱ ይቆማል፤ ሰውን የሚጥለው የውኃው ማለቅ ነው። ስለዚህ ኦ አር ኤስ። ለምለም የሚሉት አለ አይደል? እሱን አሥር ፓኬት ሻንጣሽ ውስጥ ክተቺ።

ነጋዴዋ፦ እሱ የሕፃናት አይደለም እንዴ?

ሐኪሙ፦ እንዲህ ሲባል ያንገበግበኛል። ይህ ጨውና ስኳር እኮ የተፈተነው እዚያው እስያ ውስጥ ነው፣ ያውም በአዋቂ የኮሌራ ሕመምተኞች ላይ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳካ ላይ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የሚባሉ ወጣት ሐኪሞች የኮሌራ በሽተኛ ከአንጀቱ የሚወጣውን ያህል ለክተው ቢያጠጡት ከግሉኮስ ከረጢት ጥገኝነት እንደሚላቀቅ አሳዩ። ምሥጢሩ ይሄ ነው፦ አንጀት በተቅማጥ ጊዜ ጨውን ብቻውን መምጠጥ ይሳነዋል፤ ስኳር ሲጨመርበት ግን ሁለቱ ተያይዘው ይገባሉ፣ ውኃም ይከተላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ሲነሣ ስደተኛው ወደ ሕንድ ጎረፈ። ቦንጋኦን በሚባል የድንበር ከተማ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም የሚሰቀለው ግሉኮስ አለቀበት፤ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ይሞታል። በበርሜል በጥብጦ ለእናቶች፣ ለወንድሞች፣ ለጎረቤቶች በኩባያ አደላቸው፣ አጠጡ አላቸው። ከመቶ ሠላሳ የሚሆነው ይሞት የነበረበት ቦታ ሟቹ ከመቶ አራት እንኳ የማይሞላ ሆነ። የዚያን ሰው ሥራ ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል። አንቺ ግን የሕፃናት ነው ብለሽ ትተሽው ሲፕሮ ትገዢያለሽ።

ነጋዴዋ፦ ፓኬቱ ባይኖርስ?

ሐኪሙ፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ልክ ሞልቶ፣ ሳይቆለል። ጨው አታብዢ። እናትሽ ግን ስኳር ስላለባቸው በመለኪያው እያየሽ ነው። ደም የቀላቀለ ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለው ደግሞ ሐኪም ዘንድ። ሌላው የእናትሽ ነገር፣ ለግፊታቸው ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ይወስዳሉ። አዲስ አበባ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ናት፤ ባንኮክ ከባሕር ጠለል እኩል። ያ እርጥብ ሙቀት ላብን እንኳ አያደርቀውም፤ ሰውነት እስኪለምደው ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሙቀት፣ ተቅማጥና ያ ኪኒን አንድ ላይ ከመጡ ለኩላሊት መጥፎ ነው። ተቅማጥ ከያዛቸው ኪኒኑን ስለማቆም ያንኑ ቀን ሐኪም ጠይቂ። ቀትር ላይ አታስኪጃቸው።

ነጋዴዋ፦ ያንን የእባብ ቦታ እመለስበታለሁ ብለው ነበር።

ሐኪሙ፦ አዎ። ያ ተቋም ከእባቡ ይበልጥ የሚታወቀው በእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። በክንድ ቆዳ ውስጥ በትንሽ በትንሹ የሚወጋው፣ መድኃኒት የሚቆጥበው የክትባት አሰጣጥ በታይ ቀይ መስቀል ስም ነው የሚጠራው። ውሻ፣ ድመት ወይም የቤተ መቅደስ ዝንጀሮ ከነከሰሽ የምትሄጂው እዚያ ነው።

ነጋዴዋ፦ እኔ ውሻ አልነካም። ዝንጀሮ ደግሞ የት አግኝቼ?

ሐኪሙ፦ ሎፕቡሪ የምትባል ከተማ አለች፤ ዝንጀሮው የከተማው ባለቤት ነበር ማለት ይቻላል። ሕንድ ላይም በየቤተ መቅደሱ አለ። ሙዝ ይዘሽ ካየሽ ትከሻሽ ላይ ይወጣል፣ ስትገፊው ይቧጭርሻል። የእኛ ሰው ችግር «ቧጨረኝ እንጂ አልነከሰኝም» ማለቱ ነው። ቆዳ ከተላጠ በቂ ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በሽተኛውን አይቻለሁ፤ ጠምቶት ኩባያ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይዘጋበታል፣ አእምሮው ግን ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው።

ነጋዴዋ፦ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ወዲያው?

ሐኪሙ፦ ውኃና ሳሙና። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ሰዓት እያየሽ፣ እየፈሰሰ። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ እዚያው ቁስሉ ላይ የምታጥቢው ያኔ ነው። ከዚያ ያንኑ ቀን ክትባት፤ ቁስሉ ከደማ ክትባቱ ብቻ አይበቃም፣ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል አለ፣ ጠይቂያቸው። ቀጠሮው ባንኮክ ጀምሮ ደልሂ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ፓስተር ሊጨረስ ይችላል፤ ወረቀቱን ብቻ አትጣዪ። ጠበል የምትሄጂ ከሆነ ከክትባቱ በኋላ ሂጂ።

ነጋዴዋ፦ ስለ ሞተር ሳይክልም ሰምቻለሁ። ትራፊኩ ስለማያላውስ ሰው በሱ ነው የሚሄደው ይላሉ።

ሐኪሙ፦ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ናቸው። የራስ ቁር ካልሰጡሽ አትውጪ። ታይላንድ ውስጥ በመንገድ አደጋ የሚሞተው አብዛኛው ሰው ባለ ሁለት እግር ላይ ያለው ነው። እግረኛም ሆነሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። ታይላንድም ሕንድም መኪና የሚነዳው በግራ ነው። አንቺ መንገድ ስታቋርጪ መጀመሪያ የምታዪው ወደ ግራ ነው፤ ዕድሜሽን ሙሉ እንዲያ ነው ያደረግሽው፣ አንገትሽ ሳታስቢው ይዞራል። እዚያ መኪናው የሚመጣው በቀኝሽ ነው። እናትሽን ክንዳቸውን ይዘሽ አሻግሪ።

ነጋዴዋ፦ ቢጫ ካርድስ? የእማዬ ካርድ አሥር ዓመት አልፎታል።

ሐኪሙ፦ አልፎበትም ይሠራል። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ለዕድሜ ልክ ነው። ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ክትባቱ ራሱ የሚያሰጋ ስለሆነ አስብበት ነበር። አንቺ ግን ከሌለሽ ከመብረርሽ አሥር ቀን በፊት መውሰድ አለብሽ፤ ሕንድ ያለ ካርድ የመጣን ሰው እስከ ስድስት ቀን ለይታ ታቆያለች። አትፍረጂባቸው። ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ያችው ኤዲስ እዚያ ሞልታለች፤ በሽታው ግን እስያ ውስጥ ተዛምቶ አያውቅም። በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. ከአንጎላ ወደ ቻይና የተመለሱ 11 ሠራተኞች ይዘውት ሲገቡ አህጉሩ በሙሉ ተጨንቆ ነበር። እኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ኦሞ ወንዝ ዳር ስንቱን ሰው እንደፈጀ እናውቃለን።

ነጋዴዋ፦ ደልሂ ስደርስ ብርድ ነው አሉኝ፣ ኅዳር ላይ።

ሐኪሙ፦ ብርዱ አይደለም፣ ጢሱ ነው። ገበሬው የሩዝ ገለባ ያቃጥላል፣ አየሩ አይንቀሳቀስም። አስምሽን አውቀዋለሁ፤ መንፊያሽን ሁለት አድርጊው፣ አንዱ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ማስክ ከያዝሽ የጨርቁ አይረባም፣ ኤን 95 የሚባለውን ፈልጊ።

ነጋዴዋ፦ የእማዬን ኢንሱሊን ሻንጣ ውስጥ በበረዶ ላድርገው?

ሐኪሙ፦ ሻንጣ ውስጥ አይሆንም! የዕቃ ክፍሉ ሊያቀዘቅዘው ይችላል፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ኢንሱሊን አይደለም። ሻንጣው ሊጠፋም ይችላል። በእጅ ይዘሽ ግቢ፣ በረዶውም በቀጥታ እንዳይነካው በፎጣ ጠቅልዪው። የስኳር መለኪያውና መርፌው አብሮ፣ ስለ መርፌው እኔ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ከረሜላ ኪሳቸው ውስጥ ይኑር። ባንኮክ ከእኛ አራት ሰዓት ይቀድማል፤ እዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ አምስት ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ያጥራል፣ የማታው ኢንሱሊን በልማድ ሰዓት ከተወጋ ሊደራረብ ይችላል። የስኳር መመዝገቢያ ደብተራቸውን ማክሰኞ ይዘሽልኝ ነይ፤ ያለፈውን ወር አይቼ የበረራውን ቀን መጠን በሰዓት በሰዓቱ፣ በእኛም በእነሱም ሰዓት አድርጌ እጽፍላችኋለሁ።

ነጋዴዋ፦ ማክሰኞ ጠዋት ከእሷ ጋር እመጣለሁ።

ሐኪሙ፦ ኪኒኖቹንም ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ኑ፣ ስማቸውን በወረቀት መገልበጥ አይበቃም።